የሰው ወርቅ አያደምቅ፤ የሰው ምልክትስ?

ከማኪንድዬ ወደ ካምፕ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚታየው ፊቱ ሳይሆን እግሩ ነው። ከመኪና ወርዶ አቧራውን ሳያራግፍ፣ ጤናውን ሳይጠየቅ፣ ዓይን ሁሉ ወደ ታች ይወርዳል። «ናይክ ነው? አዲዳስ ነው? ኦርጂናል ነው ወይስ ፎርጅድ?» ይባላል። ከካምፕ ወደ ማኪንድዬ የሚሄደውም እንዲሁ ነው፤ የመሳፈሪያ ገንዘብ ከመበደሩ በፊት ጫማ ይዋሳል። ባዶ ሆድ በሸሚዝ ይሸፈናል፤ ያለቀ ሶል ግን በምንም አይሸፈንም።

ይህን የምንጽፍላችሁ እኛ በማኪንድዬ፣ በካባላጋላ ሠፈር፣ አንዲት ክፍል ለአራት ለአምስት ተከራይተን የምንኖር የዚህች በእጅ የምትጻፍ መጽሔት ወዳጆች ነን። ከእናንተው መካከል ወጥተን የሄድን ነንና የምንወቅሰው ሁሉ በመጀመሪያ ራሳችንን ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የስደተኛ ወረቀታችንም የተጻፈው በዚያው ነውና።

ጥያቄው ይህ ነው። ስመ ጥር ስኒከር ዋጋው ከልክ ያለፈ ነው ወይስ አይደለም? ከልክ ያለፈ ከሆነስ፣ ራሽን የሚጠብቅ ወይም የቤት ኪራይ ያለበት ስደተኛ ለምን ይገዛዋል? በዚህ ነገር ካምፑ ለሁለት ተከፍሏል። ታላላቆቻችን «ልጆቹ ተበላሹ» ይላሉ። ልጆቹ «እናንተ ጊዜው አልፎባችኋል» ይላሉ። እኛ ሁለቱም ወገኖች የነገሩን ግማሽ ብቻ ይዘዋል እንላለን፤ ለምን እንደምንል እንዘርዝር።

በመጀመሪያ ከታላላቆቻችን ጋር እንከራከር። ባለፈው ሰሞን አንድ የምናከብራቸው ጋሼ የልጆቹን እግር አይተው፣ «አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ ዓለምን አስደነቀ፤ እናንተ ቆማችሁ ለማውራት ጫማ ታማርጣላችሁ!» አሉ። ሁላችንም ሳቅን፤ እውነትም ነበረው። ነገር ግን የአበበ ታሪክ በሮም አያበቃም። በ1960 ሮም ላይ የቀረበለት ጫማ ስላልተስማማው በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። በ1964 ቶኪዮ ላይ ግን ጫማ አድርጎ፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ካስወጣ ስድስት ሳምንት እንኳ በቅጡ ሳይሞላው፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። ከሮሙ በሦስት ደቂቃ የፈጠነ መሆኑ ነው። አበበ የባዶ እግር ሰባኪ አልነበረም። ያልተስማማውን ጫማ ተወ፤ የተስማማውን አደረገ። ጥበቡ ይኸው ነው።

ባዶ እግር ክብር የሚመስለው ባዶ እግሩን ላልሄደበት ሰው ነው። በአገራችን ደጋ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ ሲያርስ የኖረ ገበሬ እግሩ እያበጠ ዝሆኔ የሚባለው በሽታ ይይዘዋል። ይህ በሽታ በትንኝ የሚመጣ አይደለም፤ ከእሳተ ገሞራ የተፈጠረው አፈር በእግር ቆዳ ውስጥ እየገባ የሚያመጣው ነው። በኢትዮጵያ በዚህ በሽታ የተያዘው ሰው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነው ተብሎ ይገመታል። እዚሁ ኡጋንዳም በምዕራቡ ክፍል በካምዌንጌ አውራጃ በ2015 ተገኝቷል። መከላከያው ምንድን ነው? ጫማና ሳሙና! ሌላ ምሥጢር የለውም። ስለዚህ «ጫማ ቅንጦት ነው» የሚል ሰው ቢኖር ወደ ቀዩ አፈር ሄዶ ይይ። እኛ የምንከራከረው ስለ ጫማ አይደለም፤ በጫማው ጎን ላይ ስለ ተሰፋው ምልክት ነው።

ታላላቆቻችንን አንድ ነገር ደግሞ እናስታውሳቸው። በ1968 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፋሽን ትርኢት በተዘጋጀ ጊዜ ተማሪዎች «የባህል ወረራ ነው» ብለው ተነሡ። ሐሳባቸው ውስጥ ቁም ነገር ነበረ። ቁጣው ዞሮ ዞሮ ያረፈው ግን በልብሱ ነጋዴ ላይ ሳይሆን ትርኢቱን በሚያሳዩትና ሊያዩ በመጡት፣ ይልቁንም በሴቶቹ ላይ ነበር፤ ተሰደቡ፣ ተዋከቡ። በመጨረሻም ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ፤ ነጋዴው ግን ሱቁን አልዘጋም። ዛሬም በካምፑ «ይቺ ከየት አምጥታ ገዛችው?» የሚለው ሐሜት ቀድሞ የሚለጠፈው በሴት ልጅ ጫማ ላይ ነው። በእንዲህ ያለ ክርክር ውስጥ እኛ የለንበትም።

አሁን ወደ ወንድሞቻችን እንመለስ። እነሱ ደግሞ «ዋጋው የጥራቱ ነው፤ ቴክኖሎጂ አለው» ይላሉ። ይህ አባባል ከላይ ሲያዩት እውነት ይመስላል። እስቲ ፈትተን እንየው።

በ1995 ዋሽንግተን ፖስት የተባለው የአሜሪካ ጋዜጣ የአንድን 70 ዶላር የናይክ መሮጫ ጫማ ዋጋ በትኖ አሳይቶ ነበር። ጫማውን ለሰፉት ሠራተኞች የደረሰው 2 ዶላር ከ75 ሳንቲም ነው። ለጥሬ ዕቃው 9 ዶላር፤ ለፋብሪካው ኪራይና መሣሪያ 3 ዶላር፤ ለፋብሪካው ባለቤት ትርፍ 1 ዶላር ከ75፤ ለቀረጥ 3 ዶላር፤ ለመርከብ 50 ሳንቲም። ይህ ሁሉ ተደምሮ 20 ዶላር ነው። ኩባንያው በዚህ ላይ ለአስተዳደርና ለማከፋፈያ 5 ዶላር፣ ለማስታወቂያ 4 ዶላር፣ ለራሱ ትርፍ 6 ዶላር ከ25 ሳንቲም ጨምሮ በ35 ዶላር ከ50 ለሱቅ ይሸጠዋል። ቀሪውን እጥፍ የሚጨምረው ባለሱቁ ነው፤ ለኪራዩ፣ ለሠራተኞቹ፣ ለሌላ ወጪውና ለትርፉ።

ለምርምርስ ስንት ወጣ? 25 ሳንቲም! ያ የምንምልበት ቴክኖሎጂ በዚያ ሒሳብ ውስጥ የማስታወቂያውን አንድ አሥራ ስድስተኛ ነው ያገኘው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት አልፏል፤ ዋጋውም ወጪውም ጨምሯል። ሆኖም የነገሩን አካሄድ ለመረዳት ከዚህ የተሻለ ትምህርት የለም። ሁሉም ዝርፊያ ነው አንልም፤ ባለሱቅም ኪራይ ይከፍላል። የምንለው፣ ሰባት ብር ከፍለን ለሰፊዋ እጅ ሠላሳ ሳንቲም እንኳ አይደርሳትም ነው።

ምልክቱ ራሱስ? ያ ማጭድ የመሰለው የናይክ ምልክት የተሳለው በ1971 ነው። የሣለችው ካሮሊን ዴቪድሰን የምትባል ተማሪ ስትሆን የተከፈላት 35 ዶላር ነበር። ኋላ ኩባንያው በ1983 አክሲዮን ሰጥቷታል፤ ይህን አለመናገር ግፍ ነው። ነገር ግን ልብ በሉ፤ በ35 ዶላር የተገዛ ጭረት ዛሬ በየጫማው ላይ እንደገና ይሸጥልናል። ምልክቱ አንዴ ተሣለ፤ እኛ ግን ዕለት ዕለት እንከፍልበታለን።

ጥሩ ጫማ የለም ለማለት አይደለም። በመስከረም 2023 ትዕግሥት አሰፋ በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ሮጣ የዓለምን የሴቶች ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ አሻሻለች። ያደረገችው አዲዳስ አንዱ እግር 138 ግራም የሚመዝን፣ ዋጋው 500 ዶላር የሆነ፣ መጀመሪያ 521 ጥንድ ብቻ ለገበያ የቀረበ ጫማ ነበር። ሠሪው ራሱ ለአንድ ማራቶንና ለጥቂት ልምምድ ብቻ እንደ ተሠራ ተናግሯል። የገባች ዕለትም ጫማውን ከፍ አድርጋ አሳየች። ለእሷ ጫማው መሣሪያ ነው፤ ለገበሬ ማረሻ፣ ለሸማኔ መወርወሪያ እንደሆነው ሁሉ። እኛ ግን ከካባላጋላ እስከ ማኪንድዬ ኮረብታ ቀስ ብለን የምንወጣ ሰዎች ነን። ማንን ልንቀድም ነው? ማረሻ በአንገቱ አንጠልጥሎ ከተማ ለከተማ የሚዞር ገበሬ አይተን እናውቃለን?

ጥራት ነው ለሚሉን የመጨረሻ ምስክራችን የካምፓላው የኦዊኖ ገበያ ነው። እዚያ «ሚቩምባ» የሚሉት የፈረንጅ ልባሽ በቦንዳ ይራገፋል። አውሮፓ ላይ መቶ ዶላር የወጣበት ጫማ ታጥቦ፣ ሶሉ በነጭ ቀለም ተቀብቶ፣ ክሩ ተቀይሮ በጥቂት ሺህ ሽልንግ ይሸጣል። ጥራት ፈላጊ ብንሆን ኖሮ እሱን እንመርጥ ነበር፤ ገና ብዙ የሚሄድ ነውና። ብዙዎቻችን ግን እሱን ትተን፣ ከእሱ የበለጠ ገንዘብ ከፍለን አዲስ ፎርጅድ እንገዛለን። ለምን? ያገለገለው እውነተኛ ጫማ «ድሃ ነኝ» ይላል፤ አዲሱ ሐሰተኛ ጫማ «ደልቶኛል» ይላል። እንግዲህ የምንገዛው ጥራትን አይደለም፤ ቃልን ነው። ጫማው ስለ እኛ የሚናገረውን ቃል።

እዚህ ላይ ነው የክርክሩ እምብርት። ስደተኛ ለምን ቃል ይገዛል? ቃል ስለ ሌለው ነው። አገሩ ሳለ የእገሌ ልጅ ነበር፤ የእገሌ ጎረቤት፣ የእገሌ ተማሪ ነበር። በሠፈሩ ሲያልፍ ጫማውን ሳይሆን አባቱን ያዩለት ነበር። ድንበር ሲሻገር ያ ሁሉ ተራገፈ፤ ቁጥር ሆነ። በቢሮ በር ላይ ዘበኛው የሚያየው እግሩን ነው። የቤት አከራይዋ የምታየው እግሩን ነው። የተቀደደ ጫማ ያደረገ «ቁጭ ብለህ ጠብቅ» ሲባል፣ ነጭ ስኒከር ያደረገ «ምን ልርዳህ?» ሲባል በዓይናችን አይተናል። እንግዲህ ጫማ የሚገዛው ልጅ ሞኝ አይደለም። ዓለም በምን እንደምትመዝነው አውቆ ሚዛኑ ላይ ድንጋይ እየጨመረ ነው። ኩባንያዎቹም ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። ናይክ በ1985 ማይክል ጆርዳን የሚለውን ስም በ65 ዶላር ጫማ ላይ አድርጎ ሲያወጣ የሸጠው ቆዳና ጎማ ብቻ አልነበረም፤ በአየር ላይ የሚበር ሰው ስም ነበር። ስም የሌለው ሁሉ ስም ሊገዛ ተሰለፈ።

ይህን ከተረዳን ልጆቹን መሳደብ አንችልም። መጠየቅ የምንችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሒሳቡን የሚከፍለው ማን ነው?

ከእኛው ጋር የሚኖር አንድ ወንድማችን አለ፤ ፈቅዶልን ነው የምንጽፈው። እህቱ ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራለች። ባለፈው ዓመት ለኪራይ ብላ የላከችለትን ጨምሮ 120 ዶላር አወጣና ስኒከር ገዛ። «ኦርጂናል» ተብሎ ነበር። የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ ሶሉ እንደ አዞ አፍ ተከፈተ። ለእህቱ አልነገራትም። በማስቲሽ አጣብቆ፣ አንድ እሑድ ከአንድ ትልቅ ሆቴል በር ላይ የሰው መኪና ተደግፎ ፎቶግራፍ ተነሣና ወልዲያ ላሉት ቤተሰቦቹ ላከ። እናት ፎቶውን አይታ እልል አለች። ጎረቤት ተጠራ። የ11ኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ታናሽ ወንድሙ ግን እልል አላለም፤ ዝም ብሎ ጫማውን ተመለከተ። በሦስተኛው ወር ደብተሩን አስቀምጦ በሞያሌ በኩል ወጣ። ናይሮቢ ሲደርስ ደላላው ቤት ቆልፎበት «900 ዶላር ካላስገባችሁ አለቀውም» አለ። የከፈለችው ያችው እህት ናት፤ ተበድራ።

እንግዲህ ጋዜጣው እንዳደረገው እኛም ዋጋውን እንበትነው። ለጫማው 120 ዶላር። ለደላላው 900 ዶላር። ድምር 1,020 ዶላር። የልጁ የትምህርት ዓመት፣ የእህትየው እንቅልፍና የወንድማችን ኀፍረት ገና አልተቆጠሩም። «ከልክ ያለፈ ነው ወይ?» ለሚለው ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው። ጫማው ውድ የሚሆነው ሱቅ ውስጥ አይደለም፤ ፎቶግራፉ ላይ ነው። ደላላ መንገድ ላይ የሚጠብቅ ሰው ብቻ ይመስለናል። የመጀመሪያው ደላላ ግን ያ ፎቶግራፍ ነበር፤ የላክነውም እኛው ነን።

ከፋዮቹ እነሱ ብቻ አይደሉም። ናይክን የመሠረቱት ፊል ናይት ራሳቸው በ1998 ዋሽንግተን ላይ ባደረጉት ንግግር የኩባንያቸው ዕቃ ከባርነት ደመወዝና ከግዳጅ ትርፍ ሰዓት ጋር ስሙ መጣበቁን አምነው፣ ሁኔታውን ለማሻሻል ቃል ገብተዋል። ይህም የሆነው ሠራተኞችና ተማሪዎች ለዓመታት ስለ ጮኹ ነው። በአገራችንም የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2016 ተከፍቶ ለውጭ ስመ ጥር ኩባንያዎች ልብስ ይሰፋ ጀመር። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 ባወጡት ጥናት የዚያ የልብስ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑንና በዓለም የልብስ ኢንዱስትሪ ዝቅተኛው መሆኑን ገልጸዋል። ጫማ ሳይሆን ልብስ ነው፤ ነገሩ ግን ያው ነው። እህት በ26 ዶላር ለስመ ጥሩ ምልክት ትሰፋለች፤ ወንድም በስደት የዚያንኑ ዓይነት ምልክት በ120 ዶላር ይገዛል። በሁለቱ መካከል ያለው ገንዘብ የት እንደሚቀር ለመገመት ተመራማሪ መሆን አያስፈልግም።

«ስም ግን ያድናል» የሚለን ይኖራል። አዎን፣ ያዳነው ሰው አለ። እዚሁ ኡጋንዳ የተወለደው ጆን አኪ-ቡዋ በ1972 ሙኒክ ላይ በ400 ሜትር መሰናክል፣ በመጀመሪያው መም ላይ ሮጦ፣ በ47.82 ሰከንድ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሮ ለአገሩ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ አመጣ። ያደረገው ፑማ ነበር። በ1979 የኢዲ አሚን መንግሥት ሲወድቅ ከቤተሰቡ ጋር ወደ ኬንያ ሸሸ፤ እንደ እኛው የስደተኛ ካምፕ ገባ። ከዚያ ያወጣው የጫማው ኩባንያ ነው። ወደ ጀርመን ወስዶ ለጥቂት ዓመታት ሥራ ሰጠው። ኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ በ1997 ካምፓላ ላይ ዐረፈ።

ይህን ታሪክ በደንብ እንየው። በዚያ ዘመን ፑማ ያደረገ ስንት ሺህ እግር ነበር? ኩባንያው ለማን መጣ? በላቡ ስም ላገኘ አንድ ሰው ነው። አኪ-ቡዋ ለጫማው ስም ሰጠው እንጂ ጫማው ለአኪ-ቡዋ ስም አልሰጠውም። እኛ ግን ነገሩን ገልብጠን ይዘነዋል፤ ምልክቱን ካደረግን ስሙ የሚመጣ ይመስለናል። በ2025 የዓለም ምግብ ፕሮግራም ገንዘብ አጥሮት በኡጋንዳ የብዙ መቶ ሺህ ስደተኞችን እርዳታ ሲያቋርጥ፣ የማንኛችንም ስኒከር ከዝርዝሩ ላይ ከመሰረዝ አላዳነንም። የሰው ወርቅ አያደምቅ ያሉት አባቶች ይህን አውቀው ነው። የሰው ምልክትማ ጭራሽ!

ስለዚህ እኛ በማኪንድዬ ያለነው በመካከላችን ተማክረን እንዲህ ተባብለናል፤ ለእናንተም እናቀርባለን። ጫማ እናድርግ፤ ልጆቻችንም ያድርጉ፤ ባዶ እግር አይቅር የሚል የለም። የኦዊኖን ልባሽ ገዝተን በሰፊ እናስጠግነው፤ የተጠገነ ጫማ ነውር አይደለም። በሰው ሀገር ሰው ቤት ለምትሠራ እህት ስለ ጫማ አንጻፍ፤ ብትልክ እንኳ ለምን እንደዋለ እውነቱን እንንገራት። በካምፑ ሜዳ የኮንጎ ጫማ ያደረገውን ልጅ የሚያሾፍበት ካለ ዝም አንበል፤ ያ ሹፈት ነው ነገ ሞያሌ የሚያደርሰው። ከማኪንድዬ ለሚመጣ እንግዳም መጀመሪያ «እንዴት ነህ?» እንበለው።

ያ ወንድማችን አሁንም ጫማውን ያደርገዋል። በማስቲሽ ሳይሆን በክር አሰፍቶታል፤ ስፌቱም ከሩቅ ይታያል። በቀደም ለእናቱ ሌላ ፎቶግራፍ ሊልክ ሲል እንዴት ልነሣ ብሎ አማከረን። ከወገብ በላይ ተነሣ አልነው። እናትህ የናፈቀችው ፊትህን ነው።